ስም ለማን ይወጣል?

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ከወላጆቹ እጅ አስቀድሞ የሚቀበለው ሀብት ስሙ ነው። ርስት ይሸጣል፤ ገንዘብ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ስም ግን ባለቤቱ ሳይጠየቅ ተሰጥቶት እስከ መቃብሩ ድረስ ይከተለዋል፤ አልፎም ከመቃብሩ በላይ ይጻፋል። እንግዲህ ተቀባዩ መናገር በማይችልበት ሰዓት የሚሰጥ ስጦታ ከሆነ፣ ሰጪዎቹ የማንን ፈቃድ ሊከተሉ ይገባል? የራሳቸውን ነውን? የዘመዶቻቸውን ነውን? ወይስ ገና አፍ ያልፈታችውን የሕፃኗን? ይህ ጥያቄ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው በሌላው ሰው ላይ ያለው ሥልጣን ወሰኑ የት እንደ ሆነ የሚመረምር ስለ ሆነ ትንሽ አይደለም።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ እናብጅ። በባሕር ዳር ከተማ የሚኖሩ ወጣት ባልና ሚስት ሴት ልጅ ወለዱ እንበል፤ «አዲሰን» ሊሏትም አስበዋል። ይህ ስም በእንግሊዞች ዘንድ የቤተ ዘመድ መጠሪያ የነበረ ነው፤ ትርጓሜውም የአዳም ወንድ ልጅ ማለት ነው፤ በመጨረሻው ያለው «ሰን» ወንድ ልጅን ያመለክታልና። ዛሬ ግን በአሜሪካ ለሴቶች ልጆች የሚሰጥ የተወደደ ስም ሆኗል። የዚሁ ዓይነት የሆነው «ማዲሰን» የተስፋፋበትን መንገድ ማየት ለነገራችን ይጠቅማል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. በወጣው «ስፕላሽ» በተባለው ፊልም ውስጥ፣ ከባሕር የወጣች ግማሽ አካሏ ዓሣ የሆነ ሴት በኒው ዮርክ ከተማ የማዲሰንን ጎዳና ስም ሰምታ ለራሷ መጠሪያ አደረገችው። ቀልድ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ማዲሰን የሴት ስም ነው የሚል ሰው አልነበረምና። ወላጆች ግን ቀልዱን ትተው ስሙን ያዙት፤ በ2001 ዓ.ም. በአሜሪካ ለተወለዱ ሴቶች ልጆች ከተሰጡት ስሞች ሁሉ ሁለተኛው ሆነ። የዘመን ልማድ ጠባዩ ይህ ነው፤ ምክንያቱ ይረሳል፣ ድምፁ ብቻ ይወረሳል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ ይሁን እንጂ መልአኩ ስም ለማውጣት ሲመጣ አራስ ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ ያገኘዋል። የእናቲቱ ጓደኛ «ዘመናዊ ነው፤ ለጆሮ ያምራል» ትላለች። መምህር የሆነው አጎት «ወንድ ልጅ ማለት የሆነውን ቃል ለሴት መስጠት ስሕተት ነው» ይላል። በውጭ ሀገር የምትኖረው አክስት በስልክ፣ «የእኔ ስም ሌላ፣ የባለቤቴ ሌላ፣ የልጄ ሌላ እየሆነ በየድንበሩ እጠየቃለሁ፤ ፈረንጅ ሊያነበው የሚችል ስም ይሁንላት» ትላለች። አያት ደግሞ «እኔ በምን አፌ ላቆላምጣት?» ብላ ታዝናለች።

አስተያየት በተናጋሪው ብዛት አይመዘንም፤ ስለ ማን እንደሚናገር ተለይቶ ይመዘናል እንጂ። የጓደኛይቱ ቃል ቅን ቢሆንም ስለ ዘመኑ እንጂ ስለ ልጅቱ አይናገርም። ዛሬ ለጆሮ ያማረ ድምፅ ልጅቱ ሠላሳ ዓመት ሲሆናት ያረጃል፤ እርሷ ግን ይዛው ትኖራለች። የመምህሩ ቃል እውቀት አለበት፤ ነገር ግን ብቻውን ፍርድ ሊሆን አይችልም። በእኛም ሀገር «ደስታ» እና «ዓለም» ወንዱም ሴቲቱም ይጠሩባቸዋል፤ በስሙ የሚጠሩትም እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የጥንቱን ትርጓሜ ረስተውታል።

የአክስቲቱ ቃል በደረሰባት ችግር ላይ የቆመ ስለ ሆነ ከበድ ይላል። በሀገራችን ልማድ የቤተ ዘመድ ስም የለም፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ የአባቱም ስም ይከተለዋል። ሴት ልጅ ባል ስታገባ ስሟን አትለውጥም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም፣ ሕዝቡ ይህን አልለመደውም። ስለዚህ የእኛ ሰው ወደ ሌላ ሀገር ሲሄድ፣ አንድ ቤተ ሰብ በአንድ ስም መጠራት አለበት ከሚል ሥርዓት ጋር ይጋጫል። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ አልተገናኘም። ችግሩ ያለው በሁለተኛው ስም ላይ ነው፤ ፈረንጆች የቤተ ዘመድ መጠሪያ ያደረጉትን ቃል ለልጅቱ የመጀመሪያ ስም ማድረግ እናትንና ልጅን በአንድ ስም አያስጠራቸውም።

የአያቲቱ ቃል ከሁሉ ይልቅ የሚናቅ ይመስላል፤ «የድሮ ሰው ናት» ተብሎ ይታለፋልና። ሆኖም ስም በቅድሚያ የሚጠሩበት ነገር ነው፤ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ኋላ ነው። በዚህ በኩል የአማርኛን የሴት ስሞች ልብ ብለን እንመልከት። «በላይነሽ»፣ «ዓለምነሽ»፣ «ወርቅነሽ»፣ «ይመኙሻል» ስንል ልጅቱን ፊት ለፊት እያናገርናት ነው። «አንቺ ዓለም ነሽ» የሚል ሙሉ ንግግር በአንድ ቃል ተጠቅልሎ በየቀኑ ይነገራታል። ልጅ ሞቶባቸው የነበሩ ወላጆች «ካሳ» ወይም «ምትኬ» ሲሉም እግዚአብሔርንም ልጁንም ያናግራሉ። የቤተ ዘመድ መጠሪያ ግን ሰውን አያናግርም፤ የማን ወገን እንደ ሆነ ለሌላው ያስታውቃል እንጂ።

የጣናም ዳርቻ ለዚህ ምስክር አያጣም። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት የተቃወመችው፣ በጣና ዙሪያም የመነኮሳትን ማኅበር ያቋቋመችው ወለተ ጴጥሮስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1592 ዓ.ም. ተወልዳ በ1642 ዓ.ም. አረፈች። ስሟ የጴጥሮስ ልጅ ማለት ነው፤ ላይ ላዩን ሲያዩት ከ«አዲሰን» ጋር አንድ ይመስላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። «ወለተ» ሴት ልጅነቷን አይሰውርም፤ ጴጥሮስም የሥጋ አባቷ ሳይሆን ልትመስለው የተሰጠቻት ሐዋርያ ነው። ዛሬም በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በ80 ቀኗ የምትጠመቅ ሴት ልጅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ስም ትቀበላለች። የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን በሐይቁ ውስጥ ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥ ስሟ ብርሃን ሞገሳ ነበር። ሕዝቡ ግን ውበቷን አድንቆ በሚናገረው በ«ምንትዋብ» ያስታውሳታል። የሁለቱንም የአባታቸውን ወይም የባላቸውን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ የራሳቸውን ስም ግን ሁሉ ያውቃል። ሴት በስሟ ለመታወቅ የቤት መጠሪያ አላስፈለጋትም።

እስካሁን ያልተናገረች አንዲት ሰው ቀርታለች፤ እርሷም የልጅቱ እናት ናት። ምክንያቷን ብትጠየቅ እንዲህ ብላ ትመልስ ይሆናል፦ «የሞተው አባቴ ስሙ አዲሱ ነበር። ወንድም የለኝም። ልጄ በባሌ ስም ትጠራለች፤ ከእርሱም ቀጥሎ በባሌ አባት። የእኔ አባት ስም ከእኔ ጋር ያልቃል። በ‹አዲሰን› ውስጥ ‹አዲስ› ሲባል ስለ ሰማሁ ወደድሁት።»

ይህን ስንሰማ የፌዝ ፈገግታችን ሊጠፋ ይገባል። ፋሽን ያልነው ነገር ሐዘን ሆኖ ተገኘ። በአባት ስም ብቻ በሚቆጠር ልማድ ውስጥ የሴት ልጅ ትውልድ ከመዝገብ ይወርዳል፤ እናቲቱም ይህን በደል በምታገኘው ቃል ልትጠግነው ሞከረች። አሳቧ ከቀረቡት አስተያየቶች ሁሉ ይበልጣል። ነገር ግን አሳቡ መልካም ስለ ሆነ ዕቃው ሁሉ መልካም ይሆናል ማለት አይደለም። አዲሱን ለማስታወስ አዳምን ከእንግሊዝ መዋስ ለምን ያስፈልጋል? «አዲስነሽ» ብትባል የአያቷ ስም ሳይጠፋ ለእርሷም አንድ ቃል ይነገራታል፤ ያውም ሙታንን ብቻ የሚያስታውስ ሳይሆን «አንቺ አዲስ ነሽ» የሚል ነው። አያቲቱም በአፏ ሙሉ ትጠራታለች።

ይህ ግን ምክር እንጂ ፍርድ አይደለም፤ የስም ሥልጣን የወላጆች ነው። ሥልጣኑ ደግሞ ዕዳ አለበት። ልጅቱ አድጋ «ለምን እንዲህ አላችሁኝ?» ብላ በጠየቀች ቀን፣ ሳያፍሩና ሳይሸሽጉ የሚመልሱላት ነገር ሊኖራቸው ይገባል። «በዚያ ጊዜ ሁሉ ሰው እንዲህ ይል ነበር» ማለት መልስ አይደለም። «አባቴን ስለምወደው፣ አንቺም እንድታውቂው» ማለት ግን፣ ስሙ ምንም ቢሆን፣ መልስ ነው።

ለእኛ ለመካሪዎችም ወሰን አለን። ስሙ እስኪወጣ ድረስ አስተያየት መስጠት የዘመድነት ወግ ነው፤ ስሙ ከወጣ በኋላ ግን ያው አስተያየት ሐሜት ይሆናል። በመዝገብ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ክርክሩ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የሚቀርልን ሥራ፣ ልጅቱ «አዲሰን»ም ትባል «አዲስነሽ»፣ ስሟን አስተካክለን መጥራትና ስትጠራም ደስ ብሏት «አቤት» እንድትል ማድረግ ነው።