የአያት ምክርና እውነተኛ መታሰቢያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተ ሰቦች ሆይ፤ ቅዱስ ጳውሎስ በእስራት ሳለ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ሁለተኛውን መልእክት በጻፈ ጊዜ፥ በ1ኛው ምዕራፍ በቁጥር 5 የጢሞቴዎስን አያት ሎይድን በስሟ ያነሣታል። ሐዋርያው ሞቱን ሲጠባበቅ አንዲትን አያት ማስታወሱ ያለ ምክንያት አይደለም። በጢሞቴዎስ ያለው እምነት አስቀድሞ በአያቱ፥ ከዚያም በእናቱ በኤውንቄ አድሮ የመጣ መሆኑን ሊያሳየን ነው እንጂ። መምህሩ አግኝቶ ሳያስተምረው፥ ለመንጋው ሳይሾም፥ የእምነት ዘር በቤቱ ተዘርቶበት ነበርና። እኛም ዛሬ በደብራችን ያረፉትን አንዲት አያትና የወጣቶች አማካሪ ልናነሣ የወደድነው፥ ሙታንን ማሰብ ማለት ምን እንደ ሆነ ከሕይወታቸው ስለ ተማርን ነው።

አያት መሆን፥ አማካሪ መሆንም ብቻውን አያጸድቅም። ጎቶልያ አያት ነበረች፤ አማካሪም ነበረች። በሁለተኛው መጽሐፈ ዜና መዋዕል በምዕራፍ 22 እንደ ተጻፈ፥ ልጇን አካዝያስን ክፉ እንዲሠራ የምትመክረው እርሷ ነበረች፤ እርሱ በሞተ ጊዜም ለመንገሥ ስትል የገዛ ልጇን ልጆች ልታጠፋ ተነሣች። ኢዮአስ የተረፈው ዮሳቤት ሰርቃ በእግዚአብሔር ቤት 6 ዓመት ስለ ሸሸገችው ነው። ኑኃሚን ግን ሩትን በመከረቻት ጊዜ የሩትን ዕረፍት ፈለገች እንጂ የራሷን ጥቅም አልፈለገችም። ስለዚህም የዳዊት አያት የሆነውን ኢዮቤድን በዕቅፏ ለማሳደግ በቃች። እንግዲህ አማካሪ ሁለት ዓይነት መሆኑን እናስተውል፤ አንዱ ለራሱ ይመክራል፥ ሁለተኛው ለተመካሪው ይመክራል። የመጀመሪያው መጨረሻ ቤትን ማፍረስ ነው፤ የሁለተኛው መጨረሻ ትውልድን ማቆም ነው።

የታላቁ የቅዱስ ባስልዮስ አያት ማክሪናም በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በነበረው ስደት ከባሏ ጋራ በጰንጦስ ጫካ 7 ዓመት ያህል ተሸሽጋ መከራን ታገሠች። በኋላም የልጅ ልጆቿን በኒዮቄሣርያው ኤጲስ ቆጶስ በጎርጎርዮስ ትምህርት ኰትኵታ አሳደገች። ባስልዮስ ጳጳስ ሆኖ ሳለ ስለ ሃይማኖቱ በታማ ጊዜ፥ ለኒዮቄሣርያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ለምስክርነት የጠራው በሕፃንነቱ ከዚህች አያቱ የሰማውን ትምህርት ነው። በስሙ የሚጠራውን ቅዳሴ በምንቀድስበት ጊዜ ሁሉ፥ ከሊቁ በስተኋላ አንዲት አያት መኖሯን ማሰብ ይገባናል።

በደብራችን ያረፉት እናትም በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆነው እስከ ጡረታቸው ያገለገሉ፥ ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ሁለት የልጅ ልጆችም ያሳደጉ ነበሩ። ስማቸውን አንጠራም፤ የንስሐ አባታቸው እንደ መሆናችንም በምስጢር የተነገረንን አናወጣም፤ በግልጥ ያየነውን ግን የልጅ ልጆቻቸው ስለ ፈቀዱልን እንመሰክራለን። ጡረታ በወጡ ጊዜ ሥራውን ተዉት እንጂ ሰውን አልተዉም። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ በቅጽሩ ውስጥ ከጽዱ ሥር ይቀመጡ ነበር፤ ወጣቶችም አንድ በአንድ ይመጡላቸው ነበር። አስቀድመው የሚጠይቁት «በልተሃል ወይ?» ብለው ነው፤ የራበው ሰው ምክር አይሰማም ይሉ ነበርና።

አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ እያለቀሰች ወደ እኛ መጣች። እኛም ለአገልግሎት ስንቸኩል፥ ነገሯን ሳትጨርስ ከመጽሐፍ ተግሣጽ ጠቅሰን አሰናበትናት። አገልግሎታችንን ፈጽመን ስንወጣ ከእኒህ እናት አጠገብ ተቀምጣ አገኘናት፤ እርሷ ትናገራለች፥ እሳቸው ያዳምጣሉ። በማግሥቱ «ልጅቱ ምን አለችዎ?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «አባቴ፥ የነገረችኝ የእሷ ነው፤ የእኔ ያልሆነውን እንዴት አድርጌ ለሌላ እሰጣለሁ? እርስዎ ጊዜ ሲያገኙ እሷው ትነግርዎታለች» አሉን። አፈርን። ብዙ ዘመን በመጽሐፍ ቤት ኖረን ትርጓሜ ስንማር ስናስተምር ሳለን፥ ሐዋርያው ያዕቆብ በ1ኛው ምዕራፍ በቁጥር 19 መስማትን ከመናገር እንድናስቀድም ያዘዘውን ከእኒህ እናት ዝምታ ተማርነው። ልጅቱንም አስፈልገን ይቅርታ ጠየቅናት።

እኒህ እናት ካረፉ በኋላ አርባቸው በቀረበ ጊዜ በሁለቱ የልጅ ልጆች መካከል ጠብ ተነሣ። ታላቁ ሰው ምን ይለናል በማለት ገንዘብ ተበድሮ ድንኳን ሊተክል፥ በሬ ሊጥል አሰበ፤ ታናሹም ቤቱ ተሸጦ ድርሻዬ ይሰጠኝ አለ። በአንድ ቤት ተቀምጠው በጎረቤት ይላላኩ ጀመር። እኛም ስለ ተዝካሩ ለመመካከር ተጠርተን በሄድን ጊዜ፥ በግብረ ሐዋርያት በምዕራፍ 9 ስለ ተጻፈችው ስለ ጣቢታ ነገርናቸው። ጴጥሮስ ወደ ኢዮጴ በመጣ ጊዜ ባልቴቶች ያሳዩት ድግስ አልነበረም፤ እርሷ በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ልብስ ነው። «እናንተስ የአያታችሁን ሥራ ምን ታሳዩናላችሁ?» አልናቸው።

ታናሹ ተነሥቶ ዳዊታቸውን አመጣ። በውስጡም የክርስትና ስም የተጻፈበት የታጠፈ ወረቀት ነበረ፤ እኒህ እናት በየዕለቱ የሚጸልዩላቸው፥ በየጊዜው የመከሯቸው ልጆች ስም ነው። በማንም ስም አጠገብ ኃጢአቱም ኀዘኑም አልተጻፈም፤ ስሙ ብቻ ነው። በመጨረሻው መስመር የሁለቱ ወንድማማቾች ስም ጐን ለጐን ተጽፎ ነበር። ታላቁ ወረቀቱን ተቀብሎ ካነበበው በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም አለ።

እውነቱን እንናገር ዘንድ፥ በዚያ ቀን አልታረቁም። ነገር ግን የብድሩ አሳብ ቀረ፤ በአርባው ፍትሐቱና ቅዳሴው ተደረሰ፥ ለነዳያንም እንደ አቅማቸው ምጽዋት ተሰጠ። በሰማንያው ቀን ሁለቱ አብረው መጡ፥ ሽማግሌም ተቀመጠ። የቤቱ ነገር ይህን በምንጽፍበት ጊዜ ገና አላለቀም፤ ይሁን እንጂ አሁን የሚነጋገሩት በገዛ አፋቸው ነው።

ምእመናን ሆይ፤ ይህን ስንል ተዝካርን የምንነቅፍ አይደለንም። ስለ ሙታን በ3ኛው፥ በ7ኛው፥ በ12ኛው፥ በ30ኛው፥ በ40ኛው፥ በ80ኛው ቀን፥ በመንፈቅና በዓመት መጸለይ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው። ነገር ግን ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ መባውን ያቀረበ ሰው አስቀድሞ ሄዶ ከወንድሙ ጋራ እንዲታረቅ አዝዟል። ለሕያዋን መሥዋዕት ዕርቅ የሚያስፈልግ ከሆነ፥ ለሙታን መታሰቢያማ ይልቁንም አያስፈልግምን? ዘመኗን ሁሉ ስታስታርቅ የኖረችን እናት በጠብ ማሰብ እርሷን መርሳት ነውና።

እንግዲህ እኛ ካህናት ከመገሠጽ በፊት መስማትን እንማር፤ የተነገረንንም እንጠብቅ። አረጋውያን እናቶች ሆይ፥ ለልጅ ልጆቻችሁ ከቤትና ከርስት በፊት ጸሎታችሁን አውርሱ። ልጆች ሆይ፥ አያቶቻችሁ በአንድ መስመር የጻፉትን ስማችሁን አትለያዩት።

የእኒህን እናት ነፍስ ከአብርሃም ከይስሐቅ ከያዕቆብ ጋራ በዕረፍት ቦታ ያኑርልን፤ ምክራቸውንም በልባችን ያሳድርብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።