«ፎርማት ይደረግ» ከማለት በፊት

አዶቢ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፎቶሾፕን ከሌሎች ፕሮግራሞቹ ጋር አሽጎ «ሲኤስ2» በሚል ስም ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2005 ነበር። ገዢው ሲዲውን ጭኖ መለያ ቁጥሩን ማስገባቱ ብቻ አይበቃውም ነበር። ኮምፒውተሩ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ተገናኝቶ «ይህ ሰው ከፍሏል» የሚል ማረጋገጫ መቀበል አለበት። ማረጋገጫው አንዴ ከተገኘ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይመዘገባል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2013 ላይ ግን ኩባንያው በቴክኒክ ችግር ምክንያት ያንን ሰርቨር መዝጋቱ ተሰማ። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ ደንበኛ ፕሮግራሙን እንደገና ልጫን ቢል ማረጋገጫ የሚሰጠው አካል አልነበረም። ሲዲው ደህና ነው፤ ኮምፒውተሩ ደህና ነው፤ መለያ ቁጥሩም ትክክል ነው። የተቋረጠው ነገር የነበረው እሱ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ባሕር ማዶ ነው። አዶቢ በመጨረሻ ማረጋገጫ የማይጠይቅ ቅጂ በድረ ገጹ ላይ አወጣ። ብዙዎች ነፃ ስጦታ መስሏቸው ተሻሙ፤ ኩባንያውም ቅጂው ቀድሞ ለገዙ ደንበኞች ብቻ እንደሆነ ማስረዳት ግድ ሆነበት።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው ክፍል ሌላ ነው። ቀድሞ ማረጋገጫ ያገኘውን ኮምፒውተር ሳይነካ ያቆየ ሰው ሥራውን መቀጠል ይችል ነበር። በሌላ ትንሽ ችግር ተማርሮ «ይጽዳና እንደ አዲስ ይጫን» ያለው ግን የነበረውን ማረጋገጫ በገዛ እጁ አጠፋ፤ አዶቢ አዲሱን ቅጂ እስኪያወጣም የሚተካለት አላገኘም።

አሁን ጉዳዩን ዋሂል ላይ እንየው። ዋሂል ከድሬዳዋ አስተዳደር አራት የገጠር ክላስተሮች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ አስሊሶ፣ ቢዮ አዋሌና ጀልዴሳ ናቸው። እንዲህ ባለ ቦታ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው ፎቶሾፕ አልነሳ ቢለው ደጁ ላይ የሚቆሙት ለመታወቂያና ለፈተና ፎርም ጉርድ ፎቶ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ድሬዳዋ ከተማ ድረስ ቢሄድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መፍትሔ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ፎርማቱ ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጡትን የደንበኞች ፎቶዎች፣ የግዕዝ ፊደሎቹን፣ የፕሪንተሩን ማስተካከያና የፕሮግራሙን ፈቃድ አብሮ ይወስዳል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች የሚፈታ ነው።

መጀመሪያ መልእክቱ ይነበብ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ፎቶሾፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሽታውን ይናገራል፤ እኛ ነን «ኦኬ» ብለን የምንዘጋበት። ለምሳሌ «ስክራች ዲስክ ሞልቷል» ቢል ፕሮግራሙ አልተበላሸም ማለት ነው። ፎቶሾፕ ራም ሲያንሰው ከዲስኩ ላይ ጊዜያዊ ቦታ ይበደራል፤ ካልተቀየረ በቀር የሚበደረውም ከሲ ድራይቭ ነው። ሲ ድራይቭ በሠርግ ፎቶና በፊልም ከታጨቀ ፕሮግራሙ አይነሳም። ፋይሎቹን ወደ ሌላ ድራይቭ ማዛወር ወይም ሲከፈት ኮንትሮልና አልትን ተጭኖ ይዞ ሌላ ድራይቭ መምረጥ ይበቃል።

ምንም ሳይናገር ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ «መጨረሻ ሲሠራ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ምን ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መብራት በድንገት ጠፍቶ ከነበረ የፕሮግራሙ የምርጫዎች ፋይል ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ፕሮግራሙን አስነስቶ ወዲያውኑ ኮንትሮል፣ አልትና ሺፍትን አንድ ላይ ሲጫኑ ምርጫዎቹን ይሰርዝ እንደሆነ ይጠይቃል። ፎቶዎቹን አይነካም። አዲስ ፕለጊን ከተጨመረ ሲከፈት ሺፍትን ብቻ መጫን ያለ ፕለጊን የመነሳት ዕድል ይሰጠዋል። ከጓደኛ ፍላሽ የተገለበጡ ፊደሎች ካሉ ደግሞ ተበላሽቶ የመጣ አንድ ፎንት ብቻ ፕሮግራሙን ሊያቆመው ይችላል። ፊደሎቹን ከማጥፋት ይልቅ ወደ ሌላ ፎልደር አውጥቶ መሞከር፣ ከዚያም ጥቂት ጥቂት እየመለሱ ጥፋተኛውን መለየት ይቻላል። ዊንዶውስ ራሱን ካደሰ በኋላ የመጣ ችግር ከሆነ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ይታይ።

እዚህ አገር ብዙ የማይጠረጠረው ሰዓቱ ነው። በአሮጌ ዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ባትሪ ስታልቅ ኮምፒውተሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። አንዳንዱም ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሲያስተካክለው ኮምፒውተሩ ከዓለም ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። በዚያ ቀን ላይ የቆመ ኮምፒውተር የኢንተርኔት የደኅንነት ሰርተፍኬቶች ገና ያልጸኑ መስለው ስለሚታዩት በአካውንት መግባት ያቅተዋል፤ ፈቃዱም አይረጋገጥም። ባትሪ መለወጥና ቀኑን በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ማስተካከል እንጂ ፎርማት አይፈታውም።

የሲኤስ2 ትምህርት ዛሬም አላረጀም። አሁን ፎቶሾፕ የሚሸጠው በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚከፈል ክፍያ ነው። የወር ውል ያለው ደንበኛ ያለ ኢንተርኔት እስከ 30 ቀን፣ የዓመት ውል ያለው እስከ 99 ቀን መሥራት ይችላል። እ.ኤ.አ. ሜይ 2014 የአዶቢ የመግቢያ አገልግሎት በዳታቤዝ ጥገና ላይ ሳለ ከአንድ ቀን በላይ ተቋርጦ በዓለም ዙሪያ ባለሙያዎች አካውንታቸው ውስጥ መግባት አቅቷቸው ነበር። በአገራችንም ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የተዘጋው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆይቷል። ኢንተርኔቱ ከመዘጋቱ ሁለት ሳምንት በፊት ፈቃዱ የታደሰለት ወርሃዊ ደንበኛ 30ው ቀን የሚሞላበት ገና ሳይከፈት ነው። ስለዚህ ኔትወርክ ባለበት ቀን ፕሮግራሙን ከፍቶ ፈቃዱን ማሳደስ፣ እንደ ጊምፕ ያለ ነፃ ፕሮግራምም በመጠባበቂያነት ጭኖ ማቆየት ይገባል። ጉርድ ፎቶ ለመቁረጥና ጀርባውን ነጭ ለማድረግ ጊምፕ አያንስም።

«ክራክ» የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ የሚጠቀምም አለ። ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ አልነሳ ካለ አንቲቫይረሱ የክራኩን ፋይል እንደ ቫይረስ ቆጥሮ አውጥቶት ሊሆን ይችላል። እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ፋይሉን ለመመለስ ብሎ አንቲቫይረሱን ማጥፋት የደንበኞችን ፎቶ ለማያውቁት ሰው አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል።

መመለስ የሚቻለውን እርምጃ ማስቀደም፣ መመለስ የማይቻለውን መጨረሻ ላይ ማድረግ ነው ቁም ነገሩ። መልእክት ማንበብ፣ ቀን ማስተካከል፣ ፎንት ወደ ጎን ማውጣት፣ ዲስክ ማቃለል ምንም አያስከፍሉም፤ ባይሳኩም የሚያሳጡት ነገር የለም። እነዚህ ሁሉ ተሞክረው ፎርማት ግድ ከሆነ ደግሞ ፎቶዎቹ ወደ ውጪ ሃርድ ዲስክ ይገልበጡ፣ የአካውንቱ የይለፍ ቃል መታወቁ ይረጋገጥ፣ ፕሮግራሙ እንደገና ሲጫን ፈቃዱን የሚሰጠው ማን እንደሆነም አስቀድሞ ይጣራ። የ2005ቱን ፕሮግራም ገዝተው በ2013 ለጊዜው ባዶ እጃቸውን የቀሩት ሰዎች ያልጠየቁት ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ነበር።