ወላጆቻችን በቁማቸው ሳሉ መንገድ እንውጣ

«ጀምበር ሳለች ሩጥ፣ አባት ሳለ አጊጥ» ይላሉ አበው። እኛ ግን አባትና እናት ሳሉ ልናደርግላቸው የሚገባውን እያሳደርን፣ ከሞቱ በኋላ ለተዝካሩና ለሰደቃው እንሯሯጣለን። ድንኳን ተክለን፣ ሰንጋ ጥለን አገር ምድሩን እናበላለን፤ ድግሱን ሊያይ የሚገባው ሰው ግን የለም። ሙታንን ማሰብ ደግ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ወጪ ጥቂቱን፣ ከዚያ ጊዜ አንዲቷን ቀን በሕይወት ሳሉ እንስጣቸው። የዛሬው ምክሬ ይኸው ነው፦ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ይዛችሁ የአንድ ቀን መንገድ ውጡ።

ለምሳሌ የወሎን መንገድ እንመልከት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ በማለዳ የተነሣ ሰው የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ ባቲ ይደርሳል። ከባቲ ወዲያ ተራራው እየሸሸ፣ እርሻው እየሳሳ፣ ግራሩና ግመሉ እየበዛ ይሄዳል፤ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ሚሌ ስትቃረብ የአፋር በረሃ ተዘርግቶ ይታያል። ጠዋት ጋቢ ደርቦ የወጣ ሰው ከቀትር በፊት ነጠላ እንኳ ይከብደዋል።

እንዲህ ያለው መንገድ የወላጅን አፍ ይከፍታል። ቤት ውስጥ «እስቲ የድሮውን ያጫውቱን» ሲባሉ «ምኑን ልንገርህ ልጄ» ብለው የሚያልፉ እናት፣ ቦታውን ሲያዩ ሳይጠየቁ ይጀምራሉ። የሰኞው የባቲ ገበያ ደገኛውንና አፋሩን የሚያገናኝ የቆየ ገበያ ነው፤ ማን ምን ይዞ ይወርድ እንደነበር፣ ማን ከማን እንደተዛመደ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። በ1977ቱ ድርቅ በዚያው በባቲ የተራቡ ወገኖች የተጠለሉበት ጣቢያ ነበር። ያንን ዘመን ያለፈ ወላጅ የሚናገረውን ከመጽሐፍ አናገኘውም። ከባቲ ወዲያ ባለው በሐዳር በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው የድንቅነሽ አጽም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። አጥንት ቆፍሮ ታሪክ ማወቅ ትልቅ ሥራ ነው፤ ከጎናችን ተቀምጠው የሚናገሩትን ሳንሰማ መቅረት ግን ከባድ ጥፋት ነው።

ማዳመጥን ከአፋሮች እንማር። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ቢቸኩሉም እንኳ አረፍ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ። ይህ ልማድ ዳጉ ይባላል። የዝናቡ፣ የግጦሹና የሰላሙ ነገር በረሃውን የሚያዳርሰው በዚህ ነው። እኛም ለወላጆቻችን እንዲሁ እንቀመጥ። ስልኩን እንዝጋ፤ እንጠይቅ፤ ሲናገሩ አናቋርጥ፤ ያንኑ ታሪክ ቢደግሙት «ሰምቼዋለሁ» አንበል። ዝም ካሉም ዝምታቸውን እናክብር። የሚወዱትን የአምባሰል ወይም የባቲ ዜማ ከፍተን አብረን ብንሰማ እሱም ጨዋታ ነው።

ፍቅር ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአካባቢው ሰው አጣሩ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለበረሃው ይሻላል። በዕድሜ የገፋ ሰው ጥማት ቶሎ አይሰማውምና እስኪጠሙ አትጠብቁ፤ ውኃ በየጊዜው አቅርቡላቸው። ሽንት የሚያበዙ የደም ግፊት መድኃኒቶች በሙቀት ጊዜ የሰውነትን ውኃ ይበልጥ ስለሚቀንሱ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፤ መድኃኒታቸውም ከእጃችሁ አይራቅ። በየሰዓቱ ወርደው እግራቸውን ያፍታቱ። ለአፍታም ቢሆን በተዘጋ መኪና ውስጥ አትተዉአቸው። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ብቻ ተማምኖ መውረድ ፍሬኑን አግሎ አደጋ ያመጣል። ሲደክማቸው «ትንሽ ብቻ ቀረን» ብላችሁ አታስገድዱ፤ ተመለሱ። የጉዞው ዓላማ እነሱ ናቸው።

መኪና የለንም የምትሉ፣ አውቶቡስ አለ። አቅም ያነሳቸው ወላጆች ያሏችሁ፣ የተወለዱበት መንደር ወይም የተዳሩበት ቀበሌ ይበቃል። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከዓረብ አገር ለአጭር ዕረፍት የምትመጡ ልጆች ደግሞ፣ የላካችሁት ገንዘብ ቤታቸውን አቁሟል፤ እግዜር ይስጥልን። ቢሆንም ከሠርጉና ከግብዣው መካከል አንዲት ሙሉ ቀን ለእናታችሁ ብቻ ለዩ።

ዛሬ ማታ ደውሉ፤ ቤት ካሉም አጠገባቸው ተቀመጡና «ሊያዩት የሚፈልጉት አገር የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ምርጫው የእነሱ ይሁን። ከዚያ ሳትለያዩ ቀን ቁረጡ። «ሲመቸን» የተባለ ጉዞ ሳይሆን ይቀራል፤ ቀን የተቆረጠለት ግን ይደርሳል።