ድምፅ ለሣጥኑ፣ ሰላምታ ለጎረቤት

ምስጋና ሁሉ ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባብያን፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ይህን ሰላምታ በቀን ስንት ጊዜ እንለዋወጠዋለን? በመስጊድ በር፣ በሱቅ ደጃፍ፣ በአውቶቡስ መናኸሪያ ከአፋችን አይጠፋም። ትርጉሙን ያስተዋልነው ግን ጥቂቶች ነን። አንድ ሙስሊም ለሌላው ሰላም ሲለው በእኔ በኩል ክፉ አይደርስብህም፣ ነፍስህም፣ ንብረትህም፣ ክብርህም ከእጄና ከምላሴ የተጠበቀ ነው ብሎ ቃል መግባቱ ነው። ታዲያ ምርጫ በመጣ ቁጥር ይህ ቃል የሚታጠፈው ለምንድን ነው? ትናንት አቦል፣ ቶና፣ በረካ አብረው የጠጡ ሰዎች ዛሬ በአንድ መንገድ ሲመጡ አንዱ ወደ ማዶ የሚሻገረው ለምንድን ነው?

በአገራችን ሕገ መንግሥት መሠረት ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ ስለሆኑ፣ ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ሰፈር አይታመስም። እኛን ሲፈትነን የኖረው የምክር ቤት አባላት ምርጫ ነው። የ1997ቱን የማያስታውስ ከተሜ ማን አለ? ሚያዝያ 29 ቀን የኢሕአዴግ ደጋፊዎች መስቀል አደባባይን ሞሉት። በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቀን የቅንጅት ደጋፊዎች ያንኑ አደባባይ ሞሉት። በአንድ ቤት አባት ንቡን፣ ልጅ ሁለቱን ጣት የያዙበት ጊዜ ነበር። ግንቦት 7 ቀን ድምፅ ተሰጠ፤ ውጤቱ አወዛገበ፤ በሰኔና በጥቅምት መጨረሻ ደም ፈሰሰ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዝግቧል። እነዚህ ሁሉ እናት ነበራቸው፤ ጎረቤት ነበራቸው።

ዛሬ ላይ ቆመን ወደ ኋላ ስንመለከት ምን እናያለን? ቅንጅት ብዙ ሳይቆይ ተከፋፍሎ ተበተነ። ኢሕአዴግም በ2012 ዓ.ም. ፈርሶ በብልጽግና ፓርቲ ተተካ። ሰዎች የተጣሉላቸው ንቡም ጣቱም አልፈዋል። ያን ጊዜ የተኳረፉት ጎረቤታሞች ግን በሕይወት ያሉት እስከ ዛሬ በአንድ ዕድር ይቀበራሉ፣ በአንድ ቧንቧ ውኃ ይቀዳሉ። ያላፊውን ነገር ለቀሪው ያልሰጠ፣ ቀሪውን ለአላፊው የሰጠ ሰው ንግዱ ከሳሪ አይደለምን?

ይህ ነገር ከትልልቆቹ ከተሞች ይልቅ በትናንሾቹ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በጌዴኦ ዞን በይርጋ ጨፌ ወረዳ የምትገኘውን ኮንጋን እንመልከት። የአካባቢው ኑሮ ቡናና እንሰት ነው። በአገራችን ጠቅላላ ምርጫ ሲደረግ የኖረው በግንቦት ወይም በሰኔ ነው። የቡናው ለቀማ ደግሞ በጥቅምት ግድም ይደርሳል። እንግዲህ በግንቦት የተሰዳደቡ ሁለት ገበሬዎች በጥቅምት እሸት ቡናቸውን ተሸክመው እዚያው ማጠቢያ ጣቢያ ይገናኛሉ ማለት ነው። የቀላው ፍሬ ካልቀላው ተለይቶ ይመዘናል፤ ተፈልፍሎ በአንድ ገንዳ ይዘፈዘፋል፤ ታጥቦም በአልጋ ላይ ይሰጣል። ሴቶቹ ከአልጋው ዳርና ዳር ቆመው የተበላሸውን ፍሬ በእጃቸው ይለቅማሉ። ከዚያ በኋላ የትኛው ፍሬ የማን፣ የማንስ ፓርቲ ደጋፊ እንደሆነ ማንም ሊለየው አይችልም። አንዱ ገበሬ ጥሬና በስባሽ ፍሬ ቢቀላቅል የሁሉም ዋጋ ይወድቃል። በጥቅምት እንጀራቸው አንድ የሆነ ሰዎች በግንቦት ጠላት ሊሆኑ አይገባም።

የጌዴኦ ሕዝብ ጎረቤት ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ከሌላው በተሻለ ያውቃል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ የተነሣው ግጭት በብዙ መቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አፈናቅሏል። በገደብ፣ በይርጋ ጨፌ፣ በዲላ ትምህርት ቤቱም ቤተ እምነቱም መጠለያ ሆኖ ነበር። ያ ግጭት የምርጫ ጉዳይ አልነበረም። ይሁን እንጂ ለዘመናት ተጋብቶና ተገበያይቶ የኖረ ሕዝብ መካከል አንዴ መጠራጠር ከገባ የት ድረስ እንደሚወስድ አሳይቶናል። ሁለቱ ሕዝቦች ጎንዶሮ የሚሉት የዕርቅ ሥርዓት አላቸው፤ የጌዴኦ አባቶችም በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ያበርዳሉ። ሆኖም ደም ከፈሰሰ በኋላ የሚደረግ ዕርቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እነዚያው አባቶች ያውቁታል። ከዕርቅ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ ግን ቀላል ነው፤ ዋጋው አንዲት ሰላምታ ናት።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዲላንና ይርጋ ጨፌን አቋርጦ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና ድንበር ተሻግሮ ናይሮቢ ይደርሳል። በዚያ በኩል ያሉት ጎረቤቶቻችን ኬንያውያን ፕሬዚዳንታቸውን በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ ይመርጣሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 27 ቀን 2007 ምዋይ ኪባኪና ራይላ ኦዲንጋ ተወዳደሩ። ኪባኪ አሸነፉ ሲባል አገሪቱ በእሳት ተያያዘች። በሁለት ወር ውስጥ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ፤ 600 ሺህ ያህል ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። ብዙዎቹን ያሳደዳቸው ከሌላ አገር የመጣ ጦር አልነበረም፤ ትናንት እሳት የሚጫጫሩት ጎረቤታቸው ነበር። በየካቲት መጨረሻ በኮፊ አናን አደራዳሪነት ሁለቱ መሪዎች ሥልጣን ተካፍለው አብረው መንግሥት ለመመሥረት ተስማሙ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ልብ በሉ። በ2007 ኡሁሩ ኬንያታ ከኪባኪ ጎን፣ ዊልያም ሩቶ ከኦዲንጋ ጎን ነበሩ። በ2013 ኬንያታና ሩቶ አንድ ሆነው ኦዲንጋን ተወዳደሩ። በ2018 ኬንያታና ኦዲንጋ በአደባባይ ተጨባበጡ። በ2022 ኬንያታ ኦዲንጋን ደግፈው በሩቶ ላይ ቆሙ። መሪዎቹ ደጋግመው ጎራ ተለዋወጡ። ለእነርሱ ሲል የጎረቤቱን ጣራ ያቃጠለው ድሀ ግን ያቃጠለውን ቤት መልሶ ሊያቆመው፣ የገደለውንም መልሶ ሊያስነሣው አልቻለም። ፖለቲከኛ ቢጣላም ነገ የሚታረቅበት ጠረጴዛ አለው። ድሀ ለድሀ ያለው ጎረቤቱ ነው።

ወደ ዲናችን ስንመለስ፣ ሙስሊሞች ስለ መሪ ምርጫ የተለያዩት ዛሬ አይደለም። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) በ23ኛው ዓመተ ሒጅራ በተወጉ ጊዜ ቀጣዩን መሪ እንዲመርጡ ስድስት ሶሓቦችን ሰየሙ። እነርሱም ዑሥማን፣ ዐሊ፣ ጦልሐ፣ ዙበይር፣ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስና ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ነበሩ። ዑመር ልጃቸው በምክክሩ እንዲገኝ ፈቀዱ እንጂ ሥልጣኑን እንዲወርስ አልፈቀዱም። ዐብዱረሕማን ራሳቸውን ከውድድሩ አገለሉና ሕዝቡን ሲጠይቁ ሰነበቱ። በመጨረሻ ምርጫው በዑሥማን ላይ ሲጸና ዐሊም በይዓ ሰጡ። የዐሊ ደጋፊ የሆኑ አልነበሩምን? ነበሩ። ነገር ግን ዐሊ ሥልጣን ላልተሰጣቸው ብለው ወንድማቸውን አላኮረፉም፤ በዑሥማን ዘመን ምክራቸውን አልነፈጉም። ከዓመታት በኋላ ዐመፀኞች የዑሥማንን ቤት በከበቡ ጊዜም፣ የታሪክ ጸሐፍት እንደሚያወሱት፣ በደጃፉ ዘብ ከቆሙት መካከል የዐሊ ልጅ ሐሰን ይገኙበታል። ተፎካካሪ ሆኖ ማለፍ ማለት ይህ ነው።

ፊትና ተነሥቶ ነገሩ ወደ ሰይፍ በተሸጋገረ ጊዜ የሆነውንም አንደብቅም። በጀመል ውጊያ ጦልሐ ሲወድቁ ዐሊ ከፊታቸው ላይ አፈር እየጠረጉ ማልቀሳቸው ይነገራል። ከስድስቱ መካከል አብረው የተቀመጡ ነበሩ። ያ ዕንባ ለኛ ትምህርት ካልሆነን ሌላ ምን ያስተምረናል?

አንዳንድ ወንድምና እኅት እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ጎረቤቴ የመረጠው ወገን ሰው ቢያስር፣ ሐቅ ቢነጥቅ፣ መሬት ቢቀማ እንዴት ብዬ ከርሱ ጋር ቡና እጠጣለሁ? ለወዳጅነት ብዬ በዙልም ላይ ዝም ልበልን? ይላሉ። መልሱ ዝም አትበል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወንድማችንን በዳይም ተበዳይም ቢሆን እንድንረዳው አዘዋል። ሶሓቦች ተበዳዩን መርዳት ገብቶናል፣ በዳዩን እንዴት እንረዳለን ብለው ሲጠይቁ፣ ከበደሉ በመያዝ መሆኑን አስረድተዋል። በመሆኑም ስሕተቱን ፊት ለፊት ንገረው። ማስረጃ ይዘህ በሕግ ፊት ቁም፤ ድምፅህንም በካርድህ አሰማ። ነገር ግን ባለ ሥልጣኑ ለሠራው ግፍ ጎረቤትህን አትቅጣ። ቁርኣን አንዱ የሌላውን ኃጢአት እንደማይሸከም፣ የአንድ ወገን ጥላቻም ከፍትሕ ሊያወጣን እንደማይገባ ያስተምረናል። ጎረቤትህ ራሱ እጁን ካላነሣ፣ ካላሳበቀ፣ ካልቀማ የርሱ ድምፅ በርሱና በአላህ መካከል ያለ አማና ነው።

እንግዲህ ምርጫ በሚቃረብበት፣ በሚካሄድበትና ውጤቱ በሚነገርበት ጊዜ ከእያንዳንዳችን ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ማንን መረጥክ ብለን ሰውን አናስጨንቅ። ሕጉ ድምፁን በምስጢር እንዲሰጥ ያደረገው ሰው ሳይፈራ ኅሊናውን እንዲከተል ነው። ሕግ የሸፈነውን እኛ በቡና ላይ ልንገልጠው አይገባም።

ሁለተኛ፣ ወሬ እናጣራ። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ይዞ የመጣን ሰው ነገር ሳናጣራ ባለማወቅ በሕዝብ ላይ ጉዳት እንዳናደርስና እንዳንጸጸት ያስጠነቅቀናል። ዛሬ ወሬው በፌስቡክና በቴሌግራም በደቂቃ ውስጥ ከዲላ ዋሽንግተን ይደርሳል። ያልተጣራ ነገር ያስተላለፈ ሁሉ ከነሚማው ድርሻ አለው። ይኸው ሱራ መሳለቅን፣ በክፉ ስም መጠራራትን፣ መጠርጠርንና ሐሜትን ይከለክላል። የምርጫ ሰሞን አንደበታችንን ብንመዝነው ከነዚህ የተረፈ ስንት ቃል ይገኝበት ይሆን?

ሦስተኛ፣ ሚዛናችንን ከፓርቲ እናርቅ። ነጋዴው ለአንዱ ዱቤ ሰጥቶ ሌላውን በአመለካከቱ ቢነፍገው፣ ቡና ገዢው ለአንዱ ሞልቶ ለሌላው አጉድሎ ቢመዝን፣ የዕድር ዳኛው የሟቹን ፓርቲ ቢጠይቅ ይህ ዙልም ነው። ዱንያ ላይ ማንም ባያየው የውሙል ቂያማ ይመዘናል።

አራተኛ፣ ሚንበሩን ለማንም አንስጥ። ኢማሙ ስለ ፍትሕ፣ ስለ አማና፣ ስለ ሰላም ይናገር፤ የማንንም ምልክት ግን አያስተዋውቅ። ከኋላው ለሰላት የተሰለፉት ትከሻ ለትከሻ የገጠሙ ሰዎች የመረጡት የተለያየ ነውና።

አምስተኛ፣ ያሸነፈው አይፎክር፣ የተሸነፈው አያኩርፍ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ እንደማይፈቀድለት፣ ከሁለቱም የሚበልጠው ሰላምታ የሚጀምረው እንደሆነ ነግረውናል። ሦስት ቀን የተሰጠን ንዴታችን እንዲበርድ ነው። ውጤት በተነገረ በአራተኛው ቀን የኮረፍነው ሰው ካለ ሄደን በሩን እናንኳኳ።

ይህ ለሙስሊም ወንድማችን ብቻ ነው የሚል ካለም ተሳስቷል። እንደ ዲላና ይርጋ ጨፌ ባሉ ከተሞች ጎረቤታችን ፕሮቴስታንት ነው፣ ኦርቶዶክስ ነው። ሶሓባው ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ.) በቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ ለአይሁዳዊው ጎረቤታችን ሰጣችሁለትን? እያሉ ደጋግመው ጠይቀዋል። ምክንያታቸውም ጅብሪል (ዐ.ሰ.) ስለ ጎረቤት አደራ ከማብዛቱ የተነሣ ነቢዩ ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስኪያስቡ ድረስ መድረሳቸውን መስማታቸው ነበር። በዲን የተለየን ጎረቤት እንዲህ ያለ ሐቅ ካለው፣ በምርጫ ካርድ የተለየን ጎረቤት እንዴት ሐቁን ያጣል?

ድምፅ የምንሰጠው በዓመታት አንድ ቀን ነው፤ ቦታውም ሣጥኑ ነው። ሰላምታ የምንሰጠው ግን በየቀኑ ነው፤ ቦታውም የጎረቤታችን ደጃፍ ነው። ሁለቱም አማና ናቸው። አንዱን ጠብቀን ሌላውን ብናጠፋ በአላህ ፊት ግማሽ መልስ ይዘን እንቀርባለን።

ያ አላህ! በመካከላችን ያለውን አስተካክልልን። ልቦቻችንን አስማማ፤ ምላሳችንን ከውሸትና ከሐሜት ጠብቅልን። ለአገራችን ፍትሕ የሚያውቁ መሪዎችን፣ ለየቤታችንም ጎረቤቱን የማይከዳ ሰው አድርገህ ስጠን። የተፈናቀሉትን ወደ ቀያቸው፣ የተኳረፉትን ወደ ሰላምታቸው መልስ። አሚን።

ወላሁ አዕለም።