ልክን ማወቅና ዕድልን መመዘን

የአማርኛ ቋንቋችን «ዕድል» የሚለውን ቃል ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ያውለዋል። አንደኛው ከ«ማደል» ጋር የተዛመደው፣ ለሰው ተቆርሶ የሚሰጥ፣ ሰውም ሊለውጠው የማይችለው ድርሻ ነው፤ «ምን ላድርግ፣ ዕድሌ ነው» ብሎ የሚያዝን ሰው የሚናገረው ስለዚህ ነው። ሁለተኛው ገና ያልደረሰ ነገር ይሆን ወይም አይሆን እንደ ሆነ የምንገምትበት መጠን ነው፤ «የማለፍ ዕድሉ ሰፊ ነው» ስንል የምንናገረው ስለዚህኛው ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል መጠራታቸው ለገጣሚ ይመቸው ይሆናል፤ የከፍተኛ ትምህርትን በር ለሚያንኳኳ ወጣት ግን ብዙ ጊዜ የስሕተት ምንጭ ይሆንበታል። ግምቱን እንደ ፍርድ፣ ፍርዱንም እንደ ዕጣ ፈንታ አድርጎ ይቀበለዋልና።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ያስተማረ ሰው ሁሉ በየዓመቱ የሚቀርብለት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ምህንድስና የመግባት ዕድሌ ምን ያህል ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ሲሰሙት የሒሳብ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ጠያቂው በራሱ ላይ በእውነት እንዲፈርድ፣ ተጠያቂውም ከእውነትና ደስ ከማሰኘት አንዱን እንዲመርጥ ስለሚያስገድድ፣ በመሠረቱ የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። እኔም ይህን የተረዳሁት በመጽሐፍ ሳይሆን በራሴ ጥፋት ነው።

ከዓመታት በፊት ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ፣ ትጉና ጭምት የሆነ፣ የምርጫ ቅጹን በደብተሩ መካከል አጥፎ ይዞ ከክፍል በኋላ ወደ እኔ መጣ። ምህንድስናን አንደኛ ምርጫው አድርጎ እንደሚሞላ ነገረኝና ይሳካልኝ ይሆን ሲል ጠየቀኝ። እኔ ውጤቱን አውቅ ነበር። መልካም ውጤት ነው፤ ሆኖም ባለፉት ዓመታት ወደዚያ ትምህርት ከገቡት ጋር ሲተያይ ከመስመሩ ላይ የቆመ፣ ወዲህም ወዲያም ሊወድቅ የሚችል ነበር። ይህን ልነግረው ሲገባኝ ትከሻውን መታ አድርጌ «አይዞህ፣ አንተ ካልገባህ ማን ሊገባ ነው?» አልሁት። ፊቱ በራ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ምደባው ሲወጣ ልጁ ምህንድስና አልደረሰውም። የደረሰው በቅጹ ላይ ቦታ ለመሙላት ያህል ብቻ የጻፈው ትምህርት ነበር። ሊሰናበተኝ በመጣ ጊዜ አልወቀሰኝም። «መምህር፣ እውነቱን ቢነግሩኝ ኖሮ ሁለተኛውንም ምርጫ አስቤበት እሞላው ነበር» አለኝ፤ ከዚህ ሌላ የተናገረው ነገር የለም። ያ ልጅ በተመደበበት ትምህርት ተመርቆ ዛሬ በሥራ ላይ ይገኛል፤ ይህ ግን እኔን ከጥፋቴ ነጻ አያወጣኝም። ቸርነት የመሰለኝ ነገር የተስፋ ዳቦ ነበር። ዳቦውንም የቆረስሁት ለእርሱ ሳይሆን፣ ፊቱ ሲጠቁር እንዳላይ ለራሴ ነበር።

እዚህ ላይ «ለወጣት ዕድልህ ጠባብ ነው ብሎ መንገር ክንዱን ማዛል አይደለምን?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ተስፋ የቆረጠ ተማሪ መጽሐፉን ዘግቶ ሊቀመጥ፣ ግምቱም በገማቹ ምክንያት እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ክንድ የሚያዝለው እውነት ሳይሆን በደንብ ያልተነገረ እውነት ነው። እንግዲህ የዕድል ግምት ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር እንመርምር።

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 12ኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲዎቹ ግቢ ተሰብስበው ብሔራዊውን ፈተና ወሰዱ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያገኙት ከ30 ሺህ ያነሱ፣ ይኸውም ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ሆኑ። ይህን የሰማ ተማሪ «እንግዲያው የእኔም ዕድል ከመቶ ሦስት ነው» ቢል ይሳሳታል። ያ ቁጥር የተዘጋጀውንና ያልተዘጋጀውን፣ ቤተ ሙከራ ያየውንና ስሙን ብቻ የሰማውን፣ መምህር ያለውንና የሌለውን ሁሉ ደባልቆ የያዘ አማካይ ነው። ስለ ሕዝብ ይናገራል እንጂ ስለ አንድ ሰው አይናገርም። በአንጻሩም «ቁጥሩ እኔን አይመለከትም» ብሎ የሚያልፍ ተማሪ በሌላው ወገን ይሳሳታል፤ ከወደቁት መካከል ብዙዎቹ እንዲሁ ብለው ነበርና። የመጀመሪያው ስሕተት ተስፋ መቁረጥ፣ ሁለተኛው ትዕቢት ይባላል፤ ሁለቱም ራስን ከመመዘን ማምለጫ መንገዶች ናቸው።

መመዘን የሚወድ ተማሪ የሚያደርገው ነገር አስቸጋሪ አይደለም፤ ድፍረት ብቻ ይጠይቃል። ያለፉትን ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ይሰበስባል። ብቻውን ተቀምጦ፣ ሰዓት አስቀምጦ፣ መልሱን ሳያይ ይፈተናል። ይህንም አምስት ስድስት ጊዜ ይደጋግማል። ከውጤቶቹ ትልቁን ይዞ አይኩራራ፤ ትንሹንም ይዞ አያልቅስ፤ መካከለኛውን ይውሰድ። ቀጥሎ ባለፉት ዓመታት ወደሚፈልገው ትምህርት የገቡት በምን ያህል ውጤት እንደ ገቡ ጠይቆ ከዚያ ጋር ያስተያይ። ዩኒቨርሲቲ መግባት አንድ ነገር፣ ምህንድስና መግባት ደግሞ ሌላ፣ ከዚያ የጠበበ በር መሆኑንም አይርሳ። በመጨረሻም የዘንድሮው መስመር የት እንደሚሰመር ማንም አስቀድሞ ሊነግረው እንደማይችል ይወቅ፤ መስመሩ የሚሰመረው ባመልካቾቹ ብዛትና በመቀመጫው ቁጥር ነውና።

ከዚህ የመጨረሻ ነገር አንድ ትልቅ ትምህርት ይገኛል። በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የምህንድስና ኮሌጅ ሲከፈት የሚቀበለው ጥቂት ተማሪዎችን ብቻ ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት መካከል 70 በመቶው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ በመወሰኑ የምህንድስና በር እጅግ ሰፋ። እንግዲህ አንድ ዓይነት አእምሮና አንድ ዓይነት ትጋት ያላቸውን ሁለት ልጆች እናስብ፤ አንዱ በጠባቡ ዘመን፣ ሌላው በሰፊው ዘመን ተወለደ። የመጀመሪያው ከበር ተመለሰ፤ ሁለተኛው ገባ። ታዲያ የመጀመሪያው ልጅ ከሁለተኛው ያነሰ ሰው ነበርን? አልነበረም። ዕድል በሰውና በበሩ መካከል ያለ ዝምድና ነው እንጂ የሰውየው ቁመት አይደለም። በሩ ቢጠብ ሰው አያጥርም፤ ቢሰፋም አይረዝምም። ለተማሪ እውነቱን የሚነግር መምህር ይህን አብሮ ከነገረው ክንዱን አያዝለውም።

ሚዛን ካልን ዘንድ ሚዛኑን ስለሚያዛባውም አንድ ቃል መናገር ይገባል። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲዛወር ካደረጉት ምክንያቶች ዋናው የፈተና መሰረቅና መኮራረጅ መስፋፋቱ ነበር። የሚኮርጅ ተማሪ ዕድሉን ያሰፋ ይመስለዋል። ያደረገው ግን በሚዛኑ ላይ ድንጋይ መጨመር ነው። ከዚያ በኋላ ማንም፣ እርሱም ራሱ ጭምር፣ ምን ያህል እንደሚመዝን አያውቅም። ጎረቤቱንም በድሎታል፤ በድካሙ ከመስመሩ ላይ የደረሰውን ልጅ ከመስመሩ በታች አውርዶታልና። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ የተመኘው ሙያ የትኛው እንደ ሆነ ያስብ። ድልድይ የሠሪውን የፈተና ውጤት አይጠይቅም፤ ጭነቱን ብቻ ይጠይቃል።

መሐንዲስ ለመሆን የሚመኝ ወጣት ከዚሁ ሙያ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባ ነገር አለ። መሐንዲስ ድልድይ ሲነድፍ የሚያልፍበትን ጭነት ይገምታል፤ ግምቱ ሊሳሳት እንደሚችል ስለሚያውቅም ድልድዩ ከተገመተው በላይ እንዲሸከም አድርጎ ይሠራዋል። ይህን የሚያደርገው ድልድዩ ይወድቃል ብሎ ተስፋ ስለ ቆረጠ አይደለም፤ የሚያልፍበትን ሰው ስለሚያከብር ነው። በምርጫ ቅጽ ላይ በሚገባ ታስቦበት የሚጻፍ ሁለተኛ ምርጫም እንዲሁ ነው። የፈሪ መሸሸጊያ ሳይሆን ሰው ለገዛ ሕይወቱ የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው።

«ልክህን እወቅ» የሚለው አነጋገር በመካከላችን ስድብ ሆኖ ቀርቷል፤ ኃይለኛው ደካማውን ዝቅ ለማድረግ ይጠቀምበታል። በግንበኛውና በልብስ ሰፊው አፍ ግን ልክ የተከበረ ቃል ነው፤ ያለ ልክ ድንጋይ አይጠረብም፣ ጨርቅም አይቆረጥም። ደግሞም ልጅ በየዓመቱ ልብሱ እንደሚያጥረው ሁሉ፣ የዘንድሮ ልክ የከርሞ ልክ አይደለም። ስለዚህ ልኩን የሚያውቅ ተማሪ ራሱን ዝቅ አላደረገም፤ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚያድግ ዐወቀ እንጂ።

ዛሬም ተማሪዎች ያን ጥያቄ ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ። ትከሻቸውን መምታቱን አልተውሁም፤ «አንተ ካልገባህ ማን ሊገባ ነው?» ማለቱን ግን ትቻለሁ። አሮጌ የፈተና ወረቀትና ሰዓት ከፊታቸው አስቀምጬ «ና፣ አብረን እንመዝነው» እላለሁ። ውጤቱ ሲታወቅ ፊታቸው የሚበራም የሚጠቁርም አለ። የሚጠቁረውን ፊት ማየት አሁንም ይከብደኛል። ነገር ግን ያ ፊት ቅጹ ሳይሞላ ቢጠቁር፣ ገና የሚሠራበት ጊዜ አለው።