መንገድ የሚያመለክት ሰው ዕዳ

ወደ ደጁ የመጣውን እንግዳ ወደ ሌላ ሰው ደጅ የሚልክ ሰው፣ እንግዳው በዚያ ስለሚያገኘው ክፉና በጎ በኅሊና ፊት ተጠያቂ ነውን? ይህ ጥያቄ በጃቫ ቋንቋ የድረ ገጽ አገልግሎት በሚሠሩ ባለሙያዎች እጅ፣ በአንዲት አጭር ትእዛዝ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል።

«ሴንድ ሪዳይሬክት» የተባለችው ይህች ትእዛዝ ተጠቃሚውን ራሷ ወደ ውጭው ገጽ አታደርሰውም፤ ሰርቨሩ 302 የሚለውን ቁጥርና፣ «ሎኬሽን» በተሰኘው መስመር የሌላውን አድራሻ ጽፎ ለብራውዘሩ ይመልስለታል፣ ብራውዘሩም ባለቤቱን ሳይጠይቅ ወደዚያው ይገሠግሣል። «ፎርዋርድ» የሚሉት ግን በዚያው ሰርቨር ውስጥ የሚፈጸም ስለ ሆነ፣ ማንንም ወደ ውጭ አያወጣም።

እንግዲህ ላኪው «እኔ አድራሻ ሰጠሁ እንጂ የሄደው ብራውዘሩ ነው» ቢል፣ ቃሉ ለአሠራሩ እውነት ሲሆን በሕገ ልቡና ፊት ግን አይጸናም፤ ብራውዘር ፈቃድ የለውምና፣ ፈቃድ ያለው ሰው ደግሞ ያመነው በመጀመሪያ ያነበበውን ስም ነውና። መድረሻው ከሊንኩ ላይ እንዲሁ ሳይመረመር በሚወሰድበት ጊዜ፣ አታላይ በእውነተኛው ባንክ ስም የሚጀምር ሊንክ አዘጋጅቶ፣ ምስኪኑን የይለፍ ቃሉን ወደሚነጠቅበት ሐሰተኛ ገጽ ያደርሰዋል፤ ባንኩም ሳያውቅ ስሙን ለሌባ አውሷል። ኦዋስፕ የተባለው የደኅንነት ማኅበር በ2010 እና በ2013 እ.ኤ.አ. ይህን ጉድለት ከዐሥሩ ዋና ዋና አደጋዎች መካከል የቈጠረው በከንቱ አይደለም።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ የሚፈቀዱትን መድረሻዎች አስቀድሞ መዝግቦ፣ የተጠየቀውን ሙሉ ስም ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት። የስሙን መጀመሪያ ብቻ ማየት አይበቃም፤ አታላይ የባንኩን ስም በራሱ አድራሻ ራስ ላይ ሊጽፍ ይችላልና። መዝገብ በማይቻልበት ስፍራ ግን፣ «ከዚህ ወጥተው ወደዚህ አድራሻ ሊሄዱ ነው» የሚል ገጽ በመካከል ማቆም ይገባል። ብዙ ባለሙያዎች ይህን እንደ መዘግየት ይቈጥሩታል፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው እርሱን ነው፣ ከሰው ላይ ሳይታወቀው የተወሰደውን ፈቃድ መልሶ ለባለቤቱ ይሰጠዋልና፤ ይልቁንም በስልኩ ጠባብ መስኮት አድራሻውን እስከ ፍጻሜው ማንበብ ለማይችለው ሰው።