የእንቅልፍ ሐቅ

ቤታችሁ ለአንድ ሳምንት ሳይጠረግ ቢከርም ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያሻም። አመዱና የሽንኩርት ልጣጩ ተጠራቅሞ ቤተሰቡን መቀመጫ ያሳጣል። ለመሆኑ የሰው አንጎልስ ጽዳት ያስፈልገው ይሆን? ካስፈለገውስ የሚጸዳው መቼ ነው?

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ብዙ የሚሠራበት ማድ ቤት ብዙ ቆሻሻ እንደሚወጣው ሁሉ አንጎልም ከሥራው የሚተርፍ ዝቃጭ አለው። ከዚህም አንዱ በመርሳት በሽታ (አልዛይመር) በተያዙ ሰዎች አንጎል ውስጥ ተከማችቶ የሚገኘው አሚሎይድ ቤታ የተባለ ፕሮቲን ነው።

አንጎልን የሚከበው ጥርት ያለ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በቀን የሚመነጨው ግን ግማሽ ሊትር ያህል ስለሆነ በየዕለቱ ሦስት አራት ጊዜ ይታደሳል። ፈሳሹ የደም ሥሮችን ተከትሎ ወደ አንጎል ይሰርጋል፤ ዝቃጩንም ይዞ ይወጣል። ከፊሉም በአንጎል ሽፋን ላይ ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች በኩል አንገት ውስጥ ወዳሉት ንፍፊቶች ይወርዳል። ጣሊያናዊው ሐኪም ፓኦሎ ማስካኚ እነዚህን ቱቦዎች እንዳየ እ.ኤ.አ. በ1787 ጽፎ ነበር፤ ብዙዎች ግን አልተቀበሉትም። ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2015፣ የአሜሪካና የፊንላንድ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ዳግም አገኟቸው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ አይጦች ሲተኙ በአንጎላቸው ሴሎች መካከል ያለው ክፍተት 60 በመቶ ያህል እንደሚሰፋና ጽዳቱም እንደሚፋጠን አስታወቁ። በ2024 ግን የለንደን ተመራማሪዎች በሌላ ዘዴ ለክተው፣ በእንቅልፍ ጊዜ ጽዳቱ ይቀንሳል ሲሉ ጻፉ። ክርክሩ ገና አልተዘጋም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንዶቻችን አዲስ ጥናት በሰማን ቁጥር «ይህማ በቁርኣን አለ!» ለማለት እንቸኩላለን። ጥናቱ ነገ ቢሻር አንቀጹን የት ልናደርሰው ነው? ቁርኣን በሱረቱ አን-ነበእ እንቅልፍ ዕረፍት እንደተደረገልን ይነግረናል። ለአማኝ ይህ በቂው ነው፤ የአይጥ ሙከራ ማኅተም እንዲያርፍበት አይጠብቅም።

ስለዚህ ጥያቄው የሕክምና ብቻ አይደለም፤ የሐቅም ጥያቄ ነው። ዐብደላህ ኢብን ዐምር ቀኑን እየጾመ ሌሊቱን ሙሉ ሲሰግድ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰውነቱም፣ ዓይኑም፣ ሚስቱም በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው አስታወሱት። ልብ በሉ! ይህ የተነገረው በጨዋታ ላመሸ ሰው አልነበረም፤ ለዒባዳ ለቆመ ሰው ነበር። የሌሊት ሶላት የተወደደ ነው፤ እሳቸውም ይቆሙ ነበር፤ ይተኙም ነበር። ለሶላት ሲባል እንኳ የማይዘነጋው ሐቅ ለስልክና ለፊልም ሲባል እንዴት ይረሳል?

ሐቅ ከሆነ ደግሞ የራሳችን እንቅልፍ ብቻ አይደለም። እስቲ ቤታችንን እንመልከት። ሁሉ ከተኛ በኋላ ሳህን አጥባ፣ ከሱብሒ በፊት ተነስታ እሳት የምታያይዝ ሠራተኛ የለችምን? እንግዳ እስከ እኩለ ሌሊት ሲጫወት ቡና ስታፈላ ያመሸችው እናትስ መቼ ተኛች? ልጃችን ለፈተና ብሎ በጫት ሲያነጋ «ጎበዝ» እንለዋለን፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ሰውነቱ ነው። የሰው ገንዘብ መውሰድ ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የሰው እንቅልፍ ስንወስድ ለምን አይቆረቁረንም? ገንዘብ ይመለሳል፤ ያለፈ ሌሊት ግን አይመለስም።

ይህን ማለቴ ሕመም ወይም ጭንቀት እንቅልፍ የነሳውን ሰው ለመውቀስ አይደለም። ሌሊት የሚጠብቀው ዘበኛና ሕሙማንን የምታስታምመው ነርስም ለሌላው ሲሉ ይነቃሉ። እነርሱ ቀን ሲተኙ ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ የእኛ ግዴታ ነው።

ውድ አንባብያን! ዛሬ ከዒሻእ በኋላ በቤታችሁ መጨረሻ የምትተኛው ማን እንደሆነች ጠይቁ። ሥራዋንም ተካፈሏት። አላህ ሐቅን ለባለቤቱ ከሚሰጡት ባሮቹ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።